«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የሚለወጥበት ገጽ

ጥያቄ፦ ስድስት ሆነን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ባለች አንዲት ቡና ቤት እየተገናኘን መጽሐፍ እናነባለን። ሁለቱ ባልደረቦቻችን ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ማንበብ ስለሚከብዳቸው፣ የታሻ ሱሪን «ዘ በርኒንግ ኪንግደምስ» የተባለ ባለ ሦስት ቅጽ ታሪክ በአማርኛ እያሳጠርኩ የማነብላቸው እኔ ነኝ። በልዕልቲቱና በአገልጋይዋ መካከል ያለውን ፍቅር በሁለቱ ቅጾች «ወዳጅነት» እያልኩ አልፌዋለሁ። የመጨረሻው ቅጽ ላይ ስንደርስ ግን አድማጮቼ «ወዳጇ ከከዳቻት ትዝመትባት እንጂ፣ ይህን ያህል መብሰልሰል ምን አመጣው?» እያሉ ያፋጥጡኛል። ሌላው ባልደረባችን ደግሞ ሕጉም ባህሉም የማይፈቅደውን ነገር መዝለል ይሻላል ባይ ነው። ምን ይመክሩኛል? የፊተኞቹን ቅጾችስ እንደገና ማንበብ ያስፈልገን ይሆን?
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ላስቀድም፤ መልሱ አጭር ነውና። የመጀመሪያውን ቅጽ መድገም አያስፈልግዎትም፤ የሁለተኛውን የመጨረሻ ምዕራፎች ግን ሳይከልሱ ሦስተኛውን አይክፈቱ።

መጽሐፉን ላላነበቡ፦ ሦስቱ ቅጾች «ዘ ጃዝሚን ትሮን»፣ «ዘ ኦሊያንደር ስዎርድ» እና «ዘ ሎተስ ኢምፓየር» ሲሆኑ፣ የታተሙትም እንደ ቅደም ተከተላቸው እ.ኤ.አ. በ2021፣ በ2022 እና በ2024 ነው። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2022 በምናባዊ ልብ ወለድ ዘርፍ ትልቅ ስም ያለውን የወርልድ ፋንታሲ ሽልማት አግኝቷል። ዓለሙ በሕንድ ታሪክና ጥንታዊ ተረኮች መነሻነት የተፈጠረ ነው። ልዕልት ማሊኒ በንጉሠ ነገሥቱ ወንድሟ ትእዛዝ በእሳት ለመሠዋት እንቢ ስላለች ሂራና በተባለ ፍርስራሽ ቤተ መቅደስ ትታሰራለች። ፕሪያ ደግሞ በዚያው ቤተ መቅደስ ያደገችና ማንነቷን ደብቃ የምትኖር አገልጋይ ናት። በመጨረሻው ቅጽ አንደኛዋ ዙፋን ላይ ተቀምጣለች፤ ሌላይቱ ያክሻ ለሚባሉ ጥንታዊ ኃይሎች ታስራለች። የቆሙትም በተቃራኒ ወገን ነው።

አድማጮችዎ ግራ የተጋቡት በደራሲዋ ጥፋት አይደለም። ይቅርታ ያድርጉልኝና የእርስዎ ቃል ምርጫ ነው ያሳታቸው። «ወዳጅ» ብለው ቢሆን ኖሮ ቃሉ ራሱ ያግዝዎ ነበር፤ «ወዳጅ አላት» ሲባል ምን ለማለት እንደ ተፈለገ በአማርኛ ያደገ ሁሉ ያውቃልና። «ወዳጅነት» ግን ያ ሁለተኛ ፊቱ የተገፈፈ ቃል ነው፤ መንግሥታት የሚፈራረሙበት፣ እርስዎም ሰፈር አቅራቢያ ለመናፈሻ ስም የወጣበት ነው። ለመናፈሻ የሚሆን ቃል ለማሊኒና ለፕሪያ እንዴት ይበቃል?

ከቃሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ግሱ ነው። በእንግሊዝኛው ሁለቱ ሴቶች ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚጠራሩት በዚያው በአንድ «ዩ» ነው። አማርኛ ይህን ምቾት አይሰጥዎትም። አገልጋይ ልዕልትን «አንቺ» አትልም፤ ስለዚህ ፕሪያ መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» ማለቷ የግድ ነው። «እርስዎ» ደግሞ የተጠሪውን ጾታ አይገልጥም፤ «እወድዎታለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለወንድም ለሴትም፣ ለንጉሥም ለአያትም ይሆናል። መቀራረቡ በርትቶ «እወድሻለሁ» የሚባልበት ሰዓት ሲደርስ ግን ማዕረጉ የሚወድቀውና ተወዳጇ ሴት መሆኗ የሚነገረው በአንድ ጊዜ፣ በዚያችው በ«ሽ» ነው። እንግዲህ እርስዎ ሊሸሽጉት የሞከሩትን ነገር ቋንቋው ራሱ ያወጣዋል።

የማሊኒ ነገር ደግሞ ይብሳል። እርስዋ ገና ከጅምሩ ፕሪያን «አንቺ» ትላታለች፤ እመቤት ናትና። ኋላ ስትወዳትም «አንቺ» ነው፤ ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። ይህን ለአድማጭ ማሳየት የሚቻለው የፕሪያ አጠራር በተቃራኒው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ስለዚህ «እርስዎ» ወደ «አንቺ» የሚሻገርበትን ገጽ አስቀድመው መርጠው ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ በፊት አንድም ቦታ እንዳያመልጥዎ። በሦስተኛው ቅጽ ማሊኒ የመላው ግዛት ገዥ ስትሆን አማርኛ «ንግሥተ ነገሥታት» የሚል፣ ዘውዲቱ ምኒልክ የነገሡበት፣ ክብደት ያለው ማዕረግ አለው። ፕሪያ ይህን ማዕረግ ጠርታ እንደገና «እርስዎ» ብትላት፣ ያ አክብሮት ሳይሆን ቁስል መሆኑን አድማጮችዎ ያለ ማብራሪያ ይረዱታል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ቦታ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ባልደረባዎ ስጋት፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ በወንጀልነት የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ጥንቃቄያቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ሊያፌዙበትም አይገባም። በስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ የሚነበብ አጭር ትረካና አሳትሞ ማሰራጨት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ያስታውሷቸው። ቢፈልጉ መጽሐፉን በሌላ መተካት የቡድናችሁ መብት ነው። ቡድኑ ይነበብ ካለ ደግሞ እንደ ተጻፈ ይነበብ። በዚህ ታሪክ ፍቅሩ በጦርነቱ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ቢሆን ኖሮ መዝለሉን አልቃወምም ነበር፤ እዚህ ግን የሁለት አገሮች ጠብና እርቅ የተንጠለጠለው በሁለቱ ሴቶች መካከል ባለው ነገር ላይ ነው። እሱን ሲያወጡት የሚቀርዎት ምክንያቱ የማይታወቅ ዘመቻ ነው፤ አድማጮችዎም የጠየቁዎት በትክክል ይህንኑ ነው።

ስለ ፍጻሜው ምንም አልነግርዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ እኛ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ትልቅ ፍቅር በመቃብር ሲያልቅ ማየት የለመድን አንባቢዎች ነን። በእንግሊዝኛው ልብ ወለድም ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ከተፋቀሩ አንዳቸውን በመጨረሻ ምዕራፍ መግደል ለረዥም ዘመን የደራሲዎች ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ሦስተኛውን ቅጽ የሚከፍት ሰው ከሁለቱም ወገን የመጣ ፍርሃት ይዞ ነው የሚከፍተው፤ ያ ፍርሃት የንባቡ ግማሽ ደስታ ስለሆነ የመጨረሻውን ገጽ አስቀድመው እንዳይገልጡ አደራ እላለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ምዕራፍ ከመጀመርዎ በፊት፣ እስካሁን «ወዳጅነት» ያሉት ነገር ምን እንደ ነበር በሁለት ዐረፍተ ነገር ይንገሯቸው። ቀጥለውም ከመጀመሪያው ቅጽ ሁለቱ በሂራና ብቻቸውን የሚነጋገሩበትን አንድ ትዕይንት፣ «እርስዎ»ውንና «አንቺ»ውን አስተካክለው እንደገና ያንብቡላቸው። ከዚያ በኋላ «ለምን ትብሰለሰላለች?» ብሎ የሚጠይቅዎ አይኖርም።