ሲገባ ንጹህ የነበረው ውሃ ለምን ሸተተ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በመኪና በሚጎተት ቤት መጓዝ ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። የውሃ ታንከራችን 150 ሊትር ይይዛል። ልጆቼ ጥሩ ውሃ እንዲጠጡ ብዬ በመሙያው ቱቦ ላይ የከሰል ማጣሪያ ገጥሜያለሁ፤ በእሱ ሳያልፍ ወደ ታንከሩ የሚገባ ጠብታ የለም። በመጀመሪያው ቀን ውሃው ግሩም ነው። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ግን የቆየ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ይሸታል። ባለፈው ጉዞ ትንሹን ልጄን ሆዱን አመመው። ማጣሪያውን አውጥቼ በአዲስ ብቀይረውም ለውጥ የለም። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ አስቀድሜ ስለ ልጅዎ ልናገር። ሆዱን ያመመው ከውሃው ይሁን ከሌላ ነገር እዚህ ተቀምጬ መለየት አልችልም። ሕመሙ ካልለቀቀው፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከጨመረበት ሐኪም ይየው። ታንከሩ እስኪጸዳ ድረስ ግን ማንም ከእሱ አይጠጣ፤ ጥርስ እንኳ አይታጠብበት።

ማጣሪያዎ አልተበላሸም። ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ የተገጠመው ግን ያለ ቦታው ነው። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃ ወደ እኛ ሲመጣ ጥቂት ክሎሪን ይዞ ነው። ያ ክሎሪን ውሃው በመንገድ ላይም ሆነ በማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳይበከል የተመደበለት ዘበኛ ነው። ከሰል ደግሞ በጣም የሚያውቅበት ሥራ ክሎሪንን መያዝ ነው፤ ውሃው የጣፈጠልዎትም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ዘበኛው በር ላይ ቀርቶ ውሃው ብቻውን ወደ ሞቃት ታንከር ገባ ማለት ነው። ከሰል ተሕዋስያንን ለመግደል የተሠራ ስላልሆነ በሕይወት አልፈው የሚገቡት ጥቂቶቹ የሚከለክላቸው የለም።

አዲስ ማጣሪያ ገጥመውም ለውጥ ያላዩበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው። ተሕዋስያኑ በታንከሩ ግድግዳና በቱቦዎቹ ውስጥ ስስ፣ የሚያዳልጥ ሽፋን ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ የሚሞላው ውሃ የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን የሚያርፈው በዚያ ሽፋን ላይ ነው። እኔና ባለቤቴ በተጎታች ቤት መኖር በጀመርንበት ዓመት ልክ እንደ እርስዎ ማጣሪያውን መሙያው ላይ ገጥመን ነበር። ፓምፑ ሲደክም ጊዜ ፊት ለፊቱ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ፈትቼ በጣቴ ብነካት እንደ ዓሣ ቆዳ አዳለጠችኝ። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ ሦስት ቀን ሆዷን ይዛ ተኝታለች። ከውሃው ለመሆኑ ማረጋገጫ የለኝም፤ ግን ያን ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ የሰጠኋት እኔ ነበርኩና እስከ ዛሬ ታንከር ስሞላ አስታውሰዋለሁ።

ስለዚህ አሰላለፉን እንዲህ ይቀይሩት። በመሙያው ቱቦ ላይ የሚቀመጠው አሸዋና ዝገት ብቻ የሚይዝ የ5 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የደለል ማጣሪያ ይሁን፤ ክሎሪኑን አይነካውም። ከሰሉን ከፓምፑ በኋላ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ቧንቧ በሚሄደው መስመር ላይ ያዙሩት። ያኔ ውሃው በታንከር ሳለ ይጠበቃል፤ ክሎሪኑን የሚለየው ብርጭቆዎ ውስጥ ሊገባ ሲል ነው። ደለሉ አስቀድሞ መጣራቱ ለከሰሉም ይበጀዋል፤ ቶሎ አይደፈንም።

ከዚያ በፊት ግን ታንከሩ መታጠብ አለበት። ሁሉንም ማጣሪያዎች ያውጡ፤ የውሃ ማሞቂያውን አጥፍተው ያቀዝቅዙ። ሽታ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ይያዙ፤ ጥንካሬው 5 በመቶ ገደማ ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ለእርስዎ ታንከር 150 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በረኪናው ከዓመት በላይ የቆየ ከሆነ አዲስ ይግዙ፤ ሲቆይ ይደክማል። በባልዲ ውሃ አቅጥነው ያፍሱት እንጂ እንዲሁ አይጨምሩት። ታንከሩን እስከ አፉ ይሙሉ፤ ግማሽ ከሞሉት ጣሪያው ሳይነካ ይቀራል። ከዚያ ፓምፑን አብርተው ቧንቧዎችን በየተራ፣ ቀዝቃዛውንም ሙቁንም፣ የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ይክፈቱ። ሻወሩን፣ የመጸዳጃውን ውሃ፣ ከውጭ ያለውን ቧንቧም አይርሱ። አንዷ ከተረሳች ሽፋኑ ከእሷ ተነስቶ ይመለሳል። ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆይ፤ እኔ አመሻሽ ላይ ሞልቼ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ሁሉንም አፍስሰው ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ፤ ማጣሪያዎቹ የሚመለሱት ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የበረኪናውን ሽታ ለማጥፋት ብለው ኮምጣጤም ሆነ ሌላ ማጽጃ አይቀላቅሉ። መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ ማምለጫ የለም።

ቱቦውንም ይመልከቱት። የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ለመጠጥ ውሃ አልተሠራም፤ ፀሐይ ላይ ሲውል ከራሱ የሚለቀው ነገር አለ። ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራውን ይጠቀሙ፤ ሲጠቀልሉት ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ያጋጥሟቸው፣ አቧራና ነፍሳት እንዳይገቡ። የፍሳሽ ቱቦ የሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ግን ለአንዲት ሌሊት እንኳ አያስገቡት። በማረፊያ ቦታዎች ያለውን ቧንቧም አይመኑት፤ ከእርስዎ በፊት የመጣው ሰው የፍሳሽ ቱቦውን አጥቦበት ሊሆን ይችላል። እኔ አፉን በበረኪና በረጠበ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጥቂት አፍስሼ ነው የምገጥመው።

ጉዞው ሲያበቃ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ። ካርትሪጁ፣ ማለትም በማጣሪያው ውስጥ ያለው ተቀያሪ ክፍል፣ እርጥብ ሳለ በማቀፊያው ውስጥ ተዘግቶበት ለወራት ከቆየ ገንዘብ ወጥቶበታል ብለው አይራሩለት፤ ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ተራራ ላይ ስንሰፍር አጠገባችን ጥርት ያለ ምንጭ አለ። በከሰል ማጣሪያችን አሳልፈን ብንጠጣውስ?
መንገደኛው

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ጥርት ማለቱ የሚነግርዎ ጭቃ እንደሌለበት ብቻ ነው። ጃርዲያ የተባለችው የአንጀት ጥገኛ ባማረ ምንጭ ውስጥም ትገኛለች። ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቀጫጭን ክሮች ያሉት የ0.1 ወይም የ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ እሷንም ባክቴሪያንም ይይዛል። ቫይረሶች ግን ከዚያ ያነሱ ስለሆኑ ሊያልፉ ይችላሉ። በረኪና ብቻውን ደግሞ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ሌላ የአንጀት ጥገኛ አይበግረውም። ስለዚህ ያፍሉት። እየተንፈቀፈቀ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆኑ ውሃ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያቆዩት። በአካባቢው ማዕድን ማውጫ ወይም ፀረ ተባይ የሚረጭ እርሻ ካለ ግን ማፍላትም አያድንም፤ ኬሚካሉ ይቀራል እንጂ አይተንም። ያን ውሃ ይተዉት።

የክር ማጣሪያ ካለዎት ከውርጭ ይጠብቁት። አንዴ ውስጡ በረዶ ከሠራ ክሮቹ ይሰነጠቃሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ውሃውም እንደ ድሮው ይወርዳል፣ ተሕዋስያኑም አብረው። ሌሊት ቅዝቃዜው ሲበረታ እኔ የእኔን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዤው ነው የምተኛው።

የምንጩን ውሃ ወደ ታንከሩ አይገልብጡት። ለብቻው ጀሪካን ይኑረው፤ ጀሪካኑ ላይም ይጻፉበት።

ጥያቄ፦ ከመነሳቴ በፊት ታንከሩን ልሙላ ወይስ ደርሼ?
አዲስ ጀማሪ

መልስ፦ የሚደርሱበት ቦታ የታመነ ውሃ ካለ ደርሰው ይሙሉ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነውና 150 ሊትር ሞልተው ሲነሱ 150 ኪሎ ይጎትታሉ፤ ተጎታችዎ የተፈቀደለትን የጭነት መጠን ከጎኑ ካለው ሰሌዳ አይተው ይደምሩት። ታንከሩ ከጎማዎቹ ዘንግ ፊት ነው ወይስ ኋላ የሚለውንም ይዩ። ኋላ ከሆነና ከሞላ የመጎተቻው ምላስ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የፊት ጫፍ፣ ይቀልልና ተጎታቹ በፍጥነት ሲሄድ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። ግማሽ የሞላ ታንከር ደግሞ ፍሬን ሲይዙ ውሃው ወደ ፊት ይንደረደራል። እኔ ለመንገድ አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን አስሬ እይዛለሁ፤ ታንከሩን የምሞላው ስንደርስ ነው።