ኮርሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ

እህቴ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። በፊዚክስ ተመርቀሽ በአንድ የወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተምረሻል። አሁን ከተማ ውስጥ የግል ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጊያለሽ፤ ማስታወቂያው ሁሉ ግን «በቴክኖሎጂ ማስተማር የሚችል» ይላል። ያለሽበት ትምህርት ቤት አንድ ፕሮጀክተር ብቻ ነው ያለው፣ ኢንተርኔት የለም፣ ተማሪዎችሽ 58 ናቸው። «የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የኦንላይን ሥልጠና ነፃ ነው፤ ጊዜ ካለሽ ውሰጂው። የሚያስተምርሽ ግን ኮድ መጻፍንና መሰል የኮምፒውተር ክህሎትን ነው፤ ክፍል መምራትን አይደለም።

እኔ በፕላዝማ፣ ማለትም ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ ከተማሩት ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲመጣ ጉድ ብለን ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ይለቀቃል፣ በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፣ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያቆምለት የለም። መምህራችን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገርና መሃሉን አብሮን ያያል። ዛሬም የመጽሐፉን ገጽ ፓወርፖይንት ላይ ለጥፎ የሚያነብ መምህር ሳይ ያ ስክሪን ትዝ ይለኛል።

አንቺ ፌትን (PhET) ሞክሪ፤ የሳይንስ ሙከራን ኮምፒውተር ላይ እየነካኩ የሚሠሩበት ሲሙሌሽን ነው። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው ነው፤ ነፃ ነው፣ አንዴ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ክፈቺና አንድ አምፖል አብሪ። ከዚያ «ሁለተኛ አምፖል በፓራለል ብጨምር የመጀመሪያው ይደበዝዛል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ቶሎ አታሳዪ! ሁሉም ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከር፣ ከዚያ እጅ አስወጥተሽ ቁጠሪ። ብዙዎቹ «ይደበዝዛል» ይላሉ፤ ካረንቱ ለሁለት የሚካፈል ይመስላቸዋል። አሁን ጨምሪው። አምፖሉ ንቅንቅ አይልም፤ ጫጫታው ያኔ ይጀምራል፤ ትምህርቱም እዚያ ነው ያለው። (ያረጀ ባትሪ ድንጋይ ይዘሽ በእውነተኛ አምፖል ብትሞክሪው ትንሽ ሊደበዝዝ ይችላል። ለምን እንደሆነ ለቀጣዩ ቀን የቤት ሥራ ስጫቸው።)

ሁለት ሴክሽን ካለሽ አንዱን በዚህ መንገድ፣ ሌላውን እንደ ወትሮው አስተምሪ። ለሁለቱም ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ያንኑ አምስት ጥያቄ ስጪና ውጤቱን በአንድ ገጽ መዝግቢ። ኋላ ለሌላው ሴክሽን ልጆችም አሳዪያቸው፤ ተበድለው አይቅሩ። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም እንዳለ ጻፊው። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከአሥር ሰርተፊኬት ይልቅ ያቺን አንድ ገጽ አነባለሁ፤ ሲቪሽ ላይም «ኮምፒውተር እችላለሁ» ከሚለው መስመር በላይ አስቀምጪያት።

ናሙና ትምህርት እንድታሳዪ ሲጠሩሽ ፋይሉን በፍላሽም በላፕቶፕም ያዢ። መብራት ከጠፋ በጠመኔ የምትቀጥዪበትን ሥዕል አስቀድመሽ ተለማመጂ። የፕሮጀክተራቸውን ኬብል ዓይነትም ቀድመሽ ጠይቂ፤ አሮጌዎቹ ብዙ ጊዜ ቪጂኤ እንጂ ኤችዲኤምአይ አይቀበሉም፣ አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቪጂኤ የለውም።