የጉበትና የሆድ ዕቃ ጥያቄዎቻችሁ፦ ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ካለ በኋላ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል። ሦስቱ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ላቦራቶሪው ወረቀት ሰጥቷቸዋል፣ ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ይላል፣ ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ግን የነገራቸው የለም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው። ለሥራ ወደ ሳዑዲ ለመሄድ የጤና ምርመራ ሳደርግ የጉበት ቫይረስ ቢ አለብሽ ተብዬ «አንፊት» (ለጉዞ ብቁ ያልሆነች) ሆንኩ። ምንም አያመኝም። አንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ በሁለት ወር አጸዳልሻለሁ ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል። ከእህቶቼ ጋር በአንድ ገበታ መብላትም ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ? (ስሜ ይቆየኝ፣ ከደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ ወደ ገበታው ይመለሱ። ሄፓታይተስ ቢ በእንጀራ፣ በጉርሻ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ስለዚህ ለብቻ የሚያዘው ሳህን ሳይሆን ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ነው። ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ስለሚቆይ፣ ደም የነካውን ቦታ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ያጽዱ። ድድ መነቀስና እንጥል ማስቆረጥ በአንድ ስለት ለብዙ ሰው ሲሠራ ቫይረሱን ያዛምታል።

የተሰጠዎት ወረቀት የሚናገረው የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን (ኤች ቢ ኤስ ኤጂ) በደምዎ ውስጥ መኖሩን ብቻ ነው። የቫይረሱን መጠንም ሆነ የጉበትዎን ሁኔታ አይነግርዎትም። በአዋቂነት ከተያዙ 100 ሰዎች ውስጥ ቫይረሱ የሚቀርባቸው ከ5 ያነሱ ናቸው፤ በጨቅላነት ከተያዙት ግን በአብዛኞቹ ላይ ይቀራል። ክትባቱ በሀገራችን በአምስት በአንዱ ክትባት ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ እርስዎ ከዚያ በፊት ስለተወለዱ ከልጅነትዎ ጀምሮ አብሮዎት የኖረ ሊሆን ይችላል። ከ6 ወር በኋላ ምርመራው ተደግሞ አሁንም ፖዘቲቭ ከሆነ ሥር የሰደደ ይባላል።

እስከዚያው ዝም ብለው አይቀመጡ። ኤኤልቲና ኤኤስቲ (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምሩ ኢንዛይሞች)፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል)፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ እንዲሁም የሆድ አልትራሳውንድ ይጠይቁ። አቅም ከፈቀደና ቦታው ካለ የቫይረሱን መጠን ያስለኩ። የኤኤልቲን ቁጥር ራስዎ ያንብቡት፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች እስከ 40 ድረስ መደበኛ ብለው ያትማሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ለሴት 19ን፣ ለወንድ 30ን ጣሪያ ያደርጋል። «ኖርማል» የተባለ 35 ለእርስዎ ከፍተኛ ነው።

ጉበቱ ጠባሳ ማበጀቱን በግምት የሚያሳይ፣ ተጨማሪ ገንዘብ የማይጠይቅ ስሌት አለ፤ ኤፕሪ ይባላል። ኤኤስቲዎን ላቦራቶሪው ጣሪያ ብሎ ለጻፈው ቁጥር ያካፍሉ፣ በ100 ያባዙ፣ ከዚያ ለፕላትሌት ቁጥርዎ (በሺህ) ያካፍሉ። ኤኤስቲ 60፣ ጣሪያው 40፣ ፕላትሌት 200 ሺህ ቢሆን ውጤቱ 0.75 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ0.5 በላይ የሆነ አዋቂ ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል። ስሌቱ ከዚያ በታች ቢሆንም የቫይረሱ መጠን በሚሊ ሊትር ከ2,000 ዩኒት በላይ ሆኖ ኤኤልቲ ከፍ ካለ፣ ኤችአይቪ ወይም ስኳር በሽታ ካለ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ በጉበት ካንሰር የታመመ ሰው ካለ መድኃኒቱ ይጀመራል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ በየ6 ወሩ እስከ ዓመት እየተመለሱ መመርመር ነው።

መድኃኒቱ ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም፣ በቀን 1 ክኒን፣ ለዓመታት ነው። ሳይጀመር በፊት ኩላሊትና ኤችአይቪ የሚመረመሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ቴኖፎቪርን ብቻውን ከወሰደ ኤችአይቪው መድኃኒቱን ይለማመዳል። በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ደግሞ ጉበቱን በድንገት ሊያስቆጣ፣ ከባሰም ሥራ ሊያስቆመው ይችላል።

አሁን ወደ «አጸዳልሻለሁ» እንምጣ። ቴኖፎቪር ቫይረሱን ያስተኛል እንጂ ከሰውነት አያወጣም፤ የሽፋኑ ፕሮቲን በራሱ የሚጠፋላቸው በዓመት ከ100 ሰው 1 ገደማ ናቸው። የቪዛው ምርመራ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ፕሮቲን ነው። ሐቁ መራራ ቢሆንም ክኒኑም ቅጠሉም ወረቀቱን «ፊት» አያደርገውም። ቅጠሉ ግን ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል፣ ገንዘብዎንም ይወስዳል። በሌላ ሰው ደም ወረቀት የሚያሠሩ አሉ፤ እንዲህ የሄደ ሰው በሰው አገር ክትትል ማድረግም ሆነ መድኃኒት መጠየቅ ስለማይችል ከሁሉም የከፋው መንገድ ይህ ነው።

እናትዎ፣ እህቶችዎና የትዳር ጓደኛዎ ይመርመሩ። ነፃ የሆነ ሰው 3 ጊዜ ይከተባል፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላና በ6ኛው ወር። ሲያረግዙ ለክትትል ሐኪምዎ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩ። የቫይረሱ መጠን ከ200 ሺህ ዩኒት በላይ ከሆነ በእርግዝናው ወቅት ቴኖፎቪር ይሰጣል፣ ልጁም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት። በ6ኛው ሳምንት የሚጀምረው መደበኛ ክትባት በወሊድ ሰዓት ለሚተላለፈው ቫይረስ አይደርስለትም።

አልኮል ይተዉ። ጫትም እንዲሁ፤ በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ጫት ከረጅም ጊዜ የጉበት ሕመም ጋር ተያያዥ መሆኑን አሳይቷል።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ ተብዬ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ጨርሻለሁ። በደም ስመረመር አሁንም ፖዘቲቭ ነው። በርበሬ ከተውኩ ቆየሁ፣ በአጥሚት ነው የምኖረው። ዐቢይ ጾምም እየደረሰ ነው። ሦስተኛውን ልጀምር ወይስ ልተወው? (ከአዳማ)

መልስ፦ የደም ምርመራው የሚያሳየው ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ድነው ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ወረቀት ብቻ ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ አይጀመርም። መዳንን የሚያረጋግጠው የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን የራሱን ፕሮቲን የሚፈልግ) ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው።

የሰገራውም ምርመራ በተገቢው ጊዜ ካልተሠራ ይዋሻል። አንቲባዮቲክና ቢስመዝ ካቆሙ 4 ሳምንት፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ወይም መሰሎቹን ካቆሙ 14 ቀን ማለፍ አለበት። ኦሜፕራዞል እየዋጡ የሚመረመሩ ሰዎች ባክቴሪያው ተዳክሞ ስለሚደበቅ «ነጻ ነህ» ይባላሉ፣ ከዚያ ሕመሙ ይመለሳል። በእነዚህ 14 ቀናት ቃር ቢያስቸግርዎ የሚታኘክ ፀረ አሲድ መጠቀም ይችላሉ።

ምርመራው በእርግጥ ፖዘቲቭ ከሆነ ያለፉትን ሁለት ዙሮች የመድኃኒት ስም ይዘው ይሂዱ። በብዛት የሚሰጠው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራምና ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፣ ሁሉም በቀን 2 ጊዜ ለ14 ቀን ነው። ፋርማሲው የሰጠዎትን ይቁጠሩት፦ ኦሜፕራዞል 28፣ ባለ 500 አሞክሲሲሊን 56፣ ክላሪትሮማይሲን 28 መሆን አለበት። ግማሹን የገዛ ሰው ግማሽ ሕክምና ወስዶ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል፤ በዚህ መሃል ባክቴሪያው ይለማመዳል።

ክላሪትሮማይሲን አንዴ ካልሠራ ደግሞ መሞከር ጥቅም የለውም። የአሜሪካ ጋስትሮኢንትሮሎጂ ኮሌጅ (የሆድ ዕቃ ሐኪሞች ማኅበር) እ.ኤ.አ. በ2024 መመሪያው ያስቀደመው አራት መድኃኒት ያለውን ሕክምና ነው፦ ኦሜፕራዞል በቀን 2 ጊዜ፣ ቢስመዝ በቀን 4 ጊዜ፣ ቴትራሳይክሊን 500 ሚሊ ግራም በቀን 4 ጊዜ፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ለ14 ቀን። የቴትራሳይክሊኑ እንክብል ባለ 250 ከሆነ 112 ያስፈልግዎታል። ወተት፣ የብረት ክኒንና ፀረ አሲድ ቴትራሳይክሊንን ይይዙታልና በ2 ሰዓት ያራርቁት። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ቢስመዝ ሰገራንና ምላስን ያጠቁራል፣ አይደንግጡ። ሜትሮኒዳዞል አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፤ እየወሰዱና ከጨረሱ በኋላ 3 ቀን ድረስ ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራም አይቅመሱ።

በቀን አራት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት እስከ 9 ሰዓት ከሚጾም ሰው ጋር አይስማማም። ከታች የምንዘረዝራቸው የአደጋ ምልክቶች ከሌሉብዎ ባክቴሪያው በአብዛኛው ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የኖረ ነውና 55ቱን ቀን መጠበቁ አይጎዳም፤ ጊዜውን ለምርመራው ይጠቀሙበት። ምልክቶቹ ካሉ ግን አይጠብቁ፣ የንስሐ አባትዎንም ያነጋግሩ። ኦሜፕራዞል በሚወስዱበት በማንኛውም ጊዜ ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይዋጡት፤ ጠግበው ሲተኙ የሚውጡት አብዛኛው ጉልበቱ ይባክናል።

በርበሬ የጨጓራ ቁስለት አያመጣም። የሚያቃጥልዎት ከሆነ ይቀንሱት፣ ካላቃጠለዎት ወደ ወጥዎ ይመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ባክቴሪያውን በአውስትራሊያ ፐርዝ ለይተው እስኪያሳዩ ድረስ ሐኪሞችም ቁስለትን በጭንቀትና በምግብ ያመካኙ ነበር፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ከባክቴሪያው ቀጥሎ ዋናው ጥፋተኛ ለወገብና ለራስ ምታት ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ነው። የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

ቢስመዝ ወይም የብረት ክኒን ሳይወስዱ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ሲውጡ መያዝ፣ ደም ማነስ ወይም የማያቋርጥ ትውከት ካለ የሚያስፈልገው ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ጨጓራን ማየት) ነው። ደም ካስታወኩ ወይም ሰገራዎ እንዲህ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አምና ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቁሮ ነበር። «የወፍ በሽታ ነው፣ መርፌ እንዳትወጋ» ተብሎ ቅጠል ጠጣና ዳነ። ታዲያ ሐኪም ቤት ለምን ይመከራል? (ከጎጃም)

መልስ፦ ወንድምዎ ሊድኑ የነበሩት ሳይጠጡም ሊሆን ይችላል። በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጡት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ፤ ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሳምንት የተጠጣው ነገር ነው።

ሁሉም ቢጫነት ግን እንዲህ አይደለም። ሰገራው እንደ ጭቃ ነጥቶ ቆዳ የሚያሳክክ ከሆነ የሐሞት መስመር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በጠጠር ወይም በእጢ የተዘጋ መስመር በቅጠል አይከፈትም። የመጀመሪያው ምርመራ አልትራሳውንድ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ መስመሩ ተመርዟልና የሰዓታት ጉዳይ ይሆናል። በሽተኛው ቀን እየተኛ ሌሊት የሚነቃ፣ ንግግሩ የተዘበራረቀ ወይም ድዱ የሚደማ ከሆነ ጉበቱ እየከዳው ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ፈጽሞ አይጠበቅም። ሄፓታይተስ ኢ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ከአራት ወይም ከአምስት ሴቶች አንዷን ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች ወረርሽኙ ተነስቶ ነበር። የሚከላከለው ውሃን ማፍላት፣ መጸዳጃ ቤትና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። መርፌን በተመለከተ፣ ቢጫ የሆነን ሰው የሚገድል መርፌ የለም። የሚያስፈራው ያልጸዳ መርፌ ነው፣ እሱም ለጤነኛውም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሆዴን በነፋኝ ቁጥር ሰገራ እሰጣለሁ፣ በየጊዜው «አሜባ» እየተባልኩ ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝልኛል። ለምን አይለቀኝም? (ከጎንደር)

መልስ፦ ምናልባት ስለሌለብዎ ይሆናል። በሽታ አምጪው አሜባና ምንም የማይጎዳ መንትያው በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ዓይነት እንቁላል መሰል ሽፋን አላቸው። በእርግጠኝነት የሚለየው ቀይ የደም ሴል የዋጠ ተንቀሳቃሽ አሜባ ሲታይ ወይም በአንቲጅን ምርመራ ነው። የሚንቀሳቀሰው አሜባ ቶሎ ስለሚሞት ናሙናው በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት፤ ማለዳ ከቤት ተይዞ የሚሄድ ሰገራ አይጠቅምም።

በእርግጥ ተገኝቶ ከሆነም ሜትሮኒዳዞል በአንጀት ውስጥ ያለውን ሽፋን ለብሶ የሚኖረውን አሜባ በደንብ አይገድልም፤ ከእሱ በኋላ ዳይሎክሳናይድ 500 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ10 ቀን ይጨመራል። ይህ ሁለተኛው መድኃኒት ስለሚዘለል ነው እውነተኛው አሜባ የሚመለሰው።

ክብደትዎ ካልቀነሰ፣ ደም ካላዩና ሕመሙ ሰገራ ሲወጡ ቀለል የሚል ከሆነ ሐኪምዎን ስለ ቁጡ አንጀት (በእንግሊዝኛ አይ ቢ ኤስ) ይጠይቁ። ለ2 ሳምንት ወተት ትተው ልዩነቱን ይመልከቱ። ደም ካለ፣ ከከሱ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የአንጀትዎ ልማድ ከተለወጠ ግን ሌላ የሰገራ ምርመራ አይስጡ፣ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ይጠይቁ።