ባይራድስ 4ሲ እና የናሙና ውጤት እስኪደርስ ያለው ጊዜ

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ቀኝ ጡቴ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት በእጄ ዳስሼ ካገኘሁ በኋላ ማሞግራምና አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ሪፖርቱ «18 ሚሊሜትር የሚሆን፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ከጀርባው ጥላ የሚጥል ዕጢ፤ በብብት ውስጥ ሽፋኑ የወፈረ አንድ ንፍፊት፤ ባይራድስ 4ሲ» ይላል። ከሁለቱም ቦታ በመርፌ ናሙና ተወስዶልኝ ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው። 4 ማለት አራተኛ ደረጃ ካንሰር ማለት ነው? ወደ ብብቴስ ተሰራጭቷል? ቤተሰቦቼ «መርፌ ሳይነካው ተቆርጦ መውጣት ነበረበት» ስለሚሉኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ሳልውል ሳላድር ልመልስልዎ፦ አይደለም። በሪፖርትዎ ላይ ያለው 4 ቁጥር ከካንሰር ደረጃ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አራተኛ ደረጃ ካንሰር የሚባለው በሽታው ከጡትና ከአካባቢው ንፍፊቶች አልፎ እንደ አጥንት፣ ጉበት ወይም ሳንባ ወዳሉ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ባይራድስ ግን የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ያዩትን ምስል በአንድ ዓይነት ቋንቋ እንዲገልጹት የተዘጋጀ የአሠራር መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚናገረው ባለሙያው ምን ያህል እንደተጠራጠረና ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ማንም ቁጭ ብሎ ሳያስረዳቸው ሪፖርታቸውን ይዘው ወደ ቤት የሚሄዱ ሴቶች በርካታ መሆናቸው በጣም ያሳዝነኛል።

ምድብ 4 ራሱ እጅግ ሰፊ ነው። 4ኤ ሲባል ነገሩ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 እስከ 10 በመቶ፣ 4ቢ ሲባል ከ10 እስከ 50 በመቶ፣ 4ሲ ሲባል ደግሞ ከ50 እስከ 95 በመቶ ነው። እርስዎ ያሉት በመጨረሻው ውስጥ ስለሆነ ነገሩን አቅልዬ ልነግርዎ አልፈልግም፤ ካንሰር ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ካለመሆኑ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በዚህ ምድብ ውስጥ ከገቡት መካከል ቀላል የማይባሉት በናሙና ሲመረመሩ ካንሰር ሳይሆኑ ይቀራሉ። ከጉዳት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የጡት ስብ ሲሞት የሚተወው ጠባሳ፣ አንዳንድ ሥር የሰደዱ የጡት ብግነቶች፣ እንዲሁም ራዲያል ስካር የሚባለው ኮከብ መሰል ጠባሳ በምስል ላይ ካንሰርን ሊመስሉ ይችላሉ።

በሪፖርቱ ውስጥ የተጠቀሱት ቃላት ጥርጣሬውን ለምን እንደጨመሩ ማወቅም ይገባዎታል። ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎች ብዙውን ጊዜ በዙሪያቸው ያለውን ሥጋ ገፋ አድርገው ስለሚያድጉ ጠርዛቸው ለስላሳና ጥርት ያለ ይሆናል፤ ካንሰር ግን ወደ አጠገቡ ሥጋ ሰርጎ ስለሚገባ ጠርዙ የተሸራረፈ ወይም እሾኻማ ሆኖ ይታያል። ከጀርባው የሚታየው ጥላ የሚፈጠረው ደግሞ ጠጣሩ ክፍል የአልትራሳውንዱን ድምፅ ውጦ ወደ ኋላ ስለማያሳልፈው ነው። ጠባሳም እንዲሁ ድምፁን ስለሚውጥ ጥላ ይጥላል፤ ምስሉ ብቻውን የመጨረሻውን ፍርድ መስጠት የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በብብትዎ ስላለው ንፍፊት፣ የንፍፊት ውጫዊ ሽፋን ከ3 ሚሊሜትር በላይ ሲወፍር ባለሙያው እንዲጠራጠር ያደርገዋል። ሽፋኑ የሚወፍረው የካንሰር ሕዋሳት ስለደረሱበት ሊሆን ይችላል፤ በክንድ ወይም በጡት ላይ በደረሰ ቁስልና ኢንፌክሽን፣ በቅርቡ በዚያው ክንድ በተወሰደ ክትባትም ሊወፍር ይችላል። ከንፍፊቱም ናሙና መወሰዱ ትክክለኛ ሥራ ነው። ቢገኝበት እንኳ በብብት ንፍፊት ብቻ የተወሰነ በሽታ አራተኛ ደረጃ አይባልም፤ ለመዳን ታስቦ የሚታከም ነው።

ቤተሰቦችዎ ያነሡት ሥጋት ከቅንነት የመጣ ቢሆንም የሕክምናውን ሐቅ አይገልጽም። በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን በሰውነት ውስጥ እንደማያሰራጭና የታካሚዎችን ዕድሜ እንደማያሳጥር የረጅም ጊዜ የሕክምና ልምድ አሳይቷል። እንዲያውም ምንነቱ ሳይታወቅ ቆርጦ ማውጣት ነው የሚጎዳው፤ ምክንያቱም አንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ከቀዶ ሕክምና በፊት በመድኃኒት ቢታከሙ ዕጢው እየቀነሰ ሲሄድ መድኃኒቱ መሥራቱን ለማየት ያስችላል፣ ቀዶ ሕክምናውም ሊያንስ ይችላል። ተቸኩሎ የወጣ ዕጢ ይህን ዕድል ያሳጣል፣ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል።

አሁን ናሙናዎ የት እንዳለ ቢያውቁ ጥበቃው ትንሽ የሚቀልልዎ ይመስለኛል። የተወሰዱት ከክብሪት እንጨት የቀጠኑ የሥጋ ቁራጮች በመጀመሪያ ሥጋው እንዳይበላሽ በሚያደርገው ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ቢያንስ ለ6 ሰዓት ይቆያሉ፤ ከዚያም በሰም ውስጥ ይቀበሩና በጥቂት ማይክሮን ውፍረት ተቆርጠው፣ ቀለም ተነክረው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። የፓቶሎጂ ባለሙያው ካንሰር ካገኘ በዚያው ናሙና ላይ የኢስትሮጅን፣ የፕሮጀስትሮንና የኸር 2 ተቀባዮች (በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ የሚገኙ፣ የሚስማማውን መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዱ ፕሮቲኖች) ምርመራ ይደረጋል፤ ይህም ተጨማሪ ቀናት ይወስዳል። ካንሰር ያልሆኑ ነገር ግን ለመለየት የሚያስቸግሩ ናሙናዎችም ተጨማሪ ቀለምና የሌላ ባለሙያ ዓይን ስለሚፈልጉ ሊዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ የውጤቱን መዘግየት እንደ ክፉ ምልክት አይውሰዱት። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መጠበቅም የሕክምናውን ውጤት አያበላሽም።

እስከዚያው መርፌ የገባበት ቦታ ቢበልዝና ቢያምዎ የሚጠበቅ ነው። ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ መቅላትና እብጠት ወይም መግል ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ውጤቱ ሲደርስ አብሮዎት የሚሰማ ሰው ይዘው ይሂዱ፣ የጽሑፉንም ቅጂ ይጠይቁ። ካንሰር ከሆነ ዓይነቱን፣ በወተት ቱቦው ውስጥ የተወሰነ ወይም ከቱቦው ሰርጎ የወጣ መሆኑን፣ የተቀባዮቹን ውጤት ያስረዱዎት። 18 ሚሊሜትር ከ2 ሴንቲሜትር በታች ስለሆነ በመጠን መለኪያው በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይወድቃል፤ ሙሉው ደረጃ ግን የንፍፊቱና የሌሎች ምርመራዎች ውጤት ሳይታይ አይነገርም።

ካንሰር አይደለም ከተባሉ ደግሞ በደስታ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲያነሡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፦ «ይህ ውጤት በምስሉ ላይ ለታየው ነገር በቂ ማብራሪያ ነው?» ይበሉ። ምስሉ እንደ እርስዎ በጣም አጠራጣሪ ሆኖ ናሙናው ተራ የጡት ሥጋ ብቻ ካሳየ መርፌው ዕጢውን ስቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ናሙናው በድጋሚ መወሰድ ወይም ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ መመርመር አለበት። ይህን ማመሳከር ራዲዮሎጂስቱና የፓቶሎጂ ባለሙያው አብረው ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ ነው። በተነገረዎት ቀን ካልተደወለልዎ ደግሞ ራስዎ ደውለው ይጠይቁ እንጂ ዝምታውን «ምንም የለም» ብለው አይተርጉሙት።