«ቋሚ ጸሐፊ» ወይስ «ቋሚ ተጠሪ»?

ጥያቄ፦ በአንድ የዜና ክፍል ውስጥ ተርጓሚ ነኝ። በእንግሊዝና በኡጋንዳ ከሚኒስትሩ ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱን የሚመራውን ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኛ «ቋሚ ጸሐፊ» እያልን እንጽፋለን። አርታኢያችን ግን «ሚኒስትር ዴኤታ በሉት፤ ሕዝቡ የሚያውቀው እሱን ነው» ይላሉ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ አርታኢዎን ያክብሩልኝ እንጂ «ሚኒስትር ዴኤታ» ፈጽሞ አይሆንም። «ዴኤታ» የፈረንሳይኛ ሐረግ ነው፤ «የመንግሥት» ማለት ነው። ፈረንሳዮች ዘንድ ሚኒስትር ዴኤታ ከሌሎች ሚኒስትሮች ቀድሞ የሚጠራ የክብር ማዕረግ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሚኒስትሩ በታች ወረደ። ይህን እንኳ ልለፈው። የማላልፈው፣ ዴኤታ የፖለቲካ ተሿሚ መሆኑን ነው። የእንግሊዙ ሹም ግን መንግሥት ሲቀየር አይቀየርም። እ.ኤ.አ. በ1997 የሌበር ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ሚኒስትሮቹ በሙሉ ወጡ፤ ቋሚ ሹሞቹ ግን አዲሶቹን አለቆች ተቀብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። «ቋሚ» የተባሉትም ለዚህ ነው፤ አይነኬ ስለሆኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ቋሚ ሹም ቶም ስኮላር፣ አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ ተሰናብተዋል።

ወደ «ጸሐፊ» ልምጣ። (በ«ጸ» ነው፤ በ«ፀ» የሚጽፉትን ስንት ጊዜ ልምከር!) እንግሊዝኛው «ሴክሬታሪ» ከላቲኑ «ሴክሬቱም» የወጣ ነው፤ ምሥጢር ማለት ነው። ሰውየው በመነሻው ምሥጢር ጠባቂ ነው እንጂ ብዕር ጨባጭ አይደለም። የእኛው «ጸሐፈ» ግን እጅንና ብራናን የሚያስብ ግሥ ነው፤ «መጽሐፍ»ም፣ የዐረቦቹ «ሙስሐፍ»ም የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው።

«ጸሐፊ ሲባል የታይፕ ጸሐፊ ይመስላል፤ ክብር ይጎድለዋል» የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር በጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመን ይህ ቃል ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር የሚያውቅ እንዲህ አይልም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ቃሉ የሰውየውን ሥራ አይናገርም።

ሥራው ምንድን ነው? አንዱን ብቻ ልውሰድ። የእንግሊዙ ቋሚ ሹም ለመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ በግሉ ኃላፊ ነው። ሚኒስትሩ አንድ ድልድይ ይሠራ ቢሉና ሹሙ ወጪው የማያዋጣ ሆኖ ቢያገኘው፣ «ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» ይላል። ሚኒስትሩ ፈርመው ከሰጡት ይፈጽማል፤ ኃላፊነቱ ግን ወደ ሚኒስትሩ ይዞራል። ሳይፈርሙ ገንዘቡ ከወጣ ግን፣ የት እንደገባ በፓርላማው የሒሳብ ኮሚቴ ፊት የሚጠራው እሱ ነው።

የሚጠራው! አማርኛ ለዚህ ቃል አለው፦ «ተጠሪ»። ከ«ተጠራ» የወጣ፣ ሲጠሩት የሚቀርብ ሰው። በሰበር ችሎት አመልካችና ተጠሪ እንላለን፤ በአዋጆቻችንም «ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሆናል» እያልን እንጽፋለን። በደርግ ዘመን በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች «ቋሚ ተጠሪ» የሚባል ማዕረግ ነበር፤ ይኸው የእንግሊዙ ስያሜ ነው። ከዚያ ዘመን ማዕረጎች አንድ ብቻ አስቀር ብባል ይህን አስቀር ነበር።

አሁን የማልወደውን ልናገር። ለዛሬ አንባቢ «ተጠሪ» መጀመሪያ የሚያመጣለት «ወኪል» የሚለውን ሐሳብ ነው፤ «የመንግሥት ዋና ተጠሪ» ደግሞ በምክር ቤቱ የገዥው ፓርቲ አስተባባሪ ሆኗል። «ዋና ጸሐፊ» ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት በኩል ከጆሮ ተላምዷል፤ «ቋሚ ጸሐፊ»ም በዚያው ጥላ ሥር ገብቶ ይኖራል። እናንተ ብዙዎች ናችሁ፤ እኔ ጥቂት ነኝ። «ቋሚ ጸሐፊ» ብላችሁ ጻፉት እንግዲህ። በመጀመሪያው አንቀጽ ግን «የመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛው ቋሚ ሠራተኛ» የሚል ማብራሪያ አትንፈጉት።

የኬንያ ዜና ሲመጣ ግን ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ሕገ መንግሥት ወዲህ እዚያ ሚኒስትሩም በእንግሊዝኛ «ሴክሬታሪ» ነው፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ የነበረው ሹምም «ሴክሬታሪ» ነው። ሁለቱንም «ጸሐፊ» ካሉ አንባቢ ማን ማንን እንደሚያዝ አያውቅም። የላይኛውን ያለ ሐፍረት «ሚኒስትር» ይበሉት።