ሒሳቡ አልዘጋ ሲላችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ውሃን፣ አፈርንና የአየር ንብረትን መለካት ሥራዬ ብላችሁ ለምትነሱ ነው። ሃይድሮሎጂ አጠናችሁ፣ ሜትሮሎጂ አጠናችሁ፣ የአፈር ሳይንስ አጠናችሁ፣ ለእኔ አንድ ናችሁ። ዕድሜዬ ያለቀው በዚሁ ሥራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወጣቶች ይደውሉልኛል፤ ደስ ይለኛል። ግን የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው። «የትኛው ሞዴል ይሻላል?» «የትኛውን ሳተላይት ልጠቀም?» ቁጥሩን ማን ለካው፣ በምን ለካው፣ ስንት ሰዓት ላይ ለካው ብሎ የሚጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ዛሬ ያልተጠየቅሁትን ልመልስ።

ነገሬ አጭር ነው። የውሃ ሒሳብ ስትሠሩ ገቢና ወጪ እኩል አልመጣም ይላል። ሁልጊዜ ይላል። ያቺን ልዩነት አትደብቋት። የሆነ ስም ለጥፋችሁም አትሸኟት። ከሠራችሁት ሁሉ የበለጠ የምታስተምራችሁ እሷ ናት።

ጣናን እንውሰድ። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ፀሐይና ነፋስ እንደ ልባቸው የሚሆኑበት ነው። ከላዩ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተነነ ማለት 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሄደ ማለት ነው። በዓመት የሚተነው ደግሞ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ሐይቁ ላይ በቀጥታ ከሚዘንበው በላይ ነው። ጉድለቱን የሚሞሉት ወንዞቹ ናቸው።

ሒሳቡ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው። ሐይቁ ላይ የዘነበውንና ወንዞች ያመጡትን ደምሩ። የተነነውን ቀንሱ። ባሕር ዳር አጠገብ ባለው የጨረጨራ ግድብ በኩል ወደ አባይ የወጣውንና ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዋሻ ወደ በለስ የሚሄደውን ቀንሱ። የቀረው የሐይቁ ከፍታ ለውጥ ነው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ጣጣው የሚመጣው እያንዳንዱን ቁጥር ፍለጋ ስትወጡ ነው።

ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ መለኪያ አላቸው። መለኪያው ያለው ግን ሐይቁ አፍ ላይ አይደለም። ወደ ላይ ራቅ ብሎ፣ መንገድና ድልድይ ባለበት ነው። ከመለኪያው በታች ያለው መሬትና ጭራሽ ያልተለኩት ትንንሽ ወንዞች ሲደመሩ የተፋሰሱን ግማሽ ይጠጋሉ። ከሐይቁ በምሥራቅ ያለውን የፎገራ ሜዳ በነሐሴ ያየ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ርብና ጉማራ ሞልተው ይገነፍሉና ሜዳው ላይ ይተኛሉ። መለኪያው ላይ የተመዘገበው ውሃ በሙሉ ጣና አይደርስም። ከፊሉ ሩዝ ማሳ ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉ ይሰርጋል፣ ከፊሉ እዚያው ይተናል።

የተመዘገበው ቁጥር ራሱስ? ጣቢያው ላይ በየቀኑ የሚነበበው የውሃው ከፍታ ነው፤ መጠኑ አይደለም። ከፍታውን ወደ መጠን የሚቀይረው ሬቲንግ ከርቭ የምንለው መስመር ነው። መስመሩ የሚሠራው ሰው ወንዙ ውስጥ ገብቶ ወይም ድልድይ ላይ ቆሞ ፍጥነቱን በለካባቸው ቀናት ነው። ወንዙ ሲቆጣ ማን ይገባል? ስለዚህ መስመሩ ትልቁ ጎርፍ ላይ ሲደርስ በግምት ተስቦ የተቀጠለ ነው። የዓመቱን ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት ደግሞ እነዚያ የጎርፍ ቀናት ናቸው። በዚያ ላይ ወንዙ ደለል ይዞ ወለሉን ይቀያይራል። የዘንድሮው ሁለት ሜትር የዛሬ አምስት ዓመቱ ሁለት ሜትር አይደለም።

ይሄን ሁሉ ይዛችሁ ሒሳቡን ስትዘጉ ልዩነት ይመጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ምን ያደርጋል? «ወደ ከርሰ ምድር የገባ ውሃ» ብሎ ይጽፍና ይገላገላል። የከርሰ ምድር ውሃ አፍ የለው፣ አይከራከር! እውነት ወደ ከርሰ ምድር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ግን ከሬቲንግ ከርቩ ስህተት፣ ፎገራ ላይ ከቀረው ውሃና ካልተለካው መሬት ለይታችሁ እስካላሳያችሁ ድረስ ያ ስም እንጂ ልኬት አይደለም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. የጣና ውሃ በጣም ወርዶ መርከቦች ለመንቀሳቀስ ተቸግረው ነበር። ዝናብ ስላነሰ ነው? ወይስ ለኤሌክትሪክ ተብሎ በጨረጨራ በኩል ብዙ ስለተለቀቀ? ሁለቱም ድርሻ ነበራቸው። የየራሳቸውን ድርሻ መለየት የሚቻለው ግን ልዩነቱን ሳይደብቅ በሠራ ሒሳብ ብቻ ነው። የተደበቀች ልዩነት ከሁለቱ አንዱን ነፃ ታወጣለች።

አሁን ወደ ትነት ልምጣ። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፤ መሬት፣ ውሃና አየር የሚገናኙትም እዚያ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ለመትነን 2.45 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ሙቀቱ የሚመጣው ከፀሐይ ነው። ስለዚህ የውሃ ሒሳብና የፀሐይ ሒሳብ ሁለት አይደሉም፤ አንዱ ላይ ያጎደላችሁት ሌላው ላይ ይታያል። አፈሩ እርጥብ ሲሆን አብዛኛው ሙቀት ውሃ በማትነን ያልቃል። ላብ ሰውነታችንን እንደሚያቀዘቅዘው መሬቱም ይቀዘቅዛል። አፈሩ ሲደርቅ ያው ሙቀት አየሩን ወደ ማሞቅ ይዞራል። የሞቀው አየር ደግሞ የቀረውን እርጥበት ይመጥጣል። ድርቅ ራሱን በራሱ የሚያባብሰው በዚህ መንገድ ነው።

የአፈር እርጥበት ዝናብን ራሱን ምን ያህል ይወስናል? በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ይህን በ12 የአየር ንብረት ሞዴሎች ፈትሾ ነበር። አማካዩ ሲታይ ግንኙነቱ የጠነከረባቸው ቦታዎች የሳህል አካባቢ፣ ሕንድና የሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች ሆነው ተገኙ። እስካሁን ይጠቀሳል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሞዴሎቹ እርስ በርሳቸው በጣም ይለያዩ ነበር። አንዱ «በጣም ይወስናል» ሲል ሌላው «እምብዛም» ይላል። ጥናቱ ይህን አልደበቀም። እኔ የማከብረው እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ትነትን በቀጥታ ለመለካት ዛሬ የሚመረጠው ኤዲ ኮቫሪያንስ ይባላል። ማማ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ የንፋሱን ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስና የያዘውን እርጥበት በሴኮንድ 10 ወይም 20 ጊዜ ይለካል። ውድ ነው፤ በአፍሪካ ያሉት ማማዎችም ጥቂት ናቸው። እና ይህ ምርጥ የተባለው መሣሪያ ሒሳቡን ይዘጋል? አይዘጋም! ለትነትና አየሩን ለማሞቅ የዋለው ሙቀት ድምር ከፀሐይ ከተገኘው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 በመቶ ያንሳል። ዓለም በሙሉ እንዲሁ ነው። በማማው ዙሪያ የሚሽከረከሩት ትልልቅ የአየር ዝውውሮች እንደሚያመልጡት የታወቀው ሰዎች ይህችን ጉድለት ገልጸው ስለጻፏት ነው።

እኛ አገር በብዛት ያለው የትነት መለኪያ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ አግድመት፣ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የብረት ገንዳ ነው። ወፍ ይጠጣዋል፣ አጥሩ ካልተጠገነ ጥጃም ይጠጣዋል። ብረቱ ስለሚግል ከሐይቅ የበለጠ ይተንበታል። ለዚህ ተብሎ በ0.7 ይባዛል። 0.7 ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። በብዛት ከአሜሪካ ሐይቆች ልምድ የመጣ የዓመት አማካይ ነው። ጣና ላይ ለሚያዝያ ወር ስታውሉት አንድ ነገር እንደገመታችሁ እወቁ፤ ጻፉትም።

ልኬት በትዕግሥት ሲያዝ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ላሳያችሁ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ፣ በሃንስ ሁርኒ መሪነት፣ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎችን አቋቋሙ። ወሎ ላይ ማይባር፣ ሸዋ ላይ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም ላይ አንጀኒ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዓላማው የአፈር መሸርሸርን መለካት ነበር። ዝናቡንና የጅረቱን ፍሰትም አብረው መዘገቡ። ዓመታት አለፉ። በኋላ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የኛው ተመራማሪዎች ያንን መዝገብ ሌላ ጥያቄ ጠየቁት፤ ዝናቡ ወደ ፍሰት የሚለወጠው መቼ ነው?

የለመድነው መልስ «ዝናቡ ኃይለኛ፣ መሬቱ የተራቆተ፣ ስለዚህ ውሃው ሳይሰርግ ይሮጣል» የሚል ነበር። መዝገቡ ሌላ አለ። ሰኔ ላይ ብዙ ዘንቦ ጅረቱ ትንሽ ይሞላል። ነሐሴ ላይ ያው ዝናብ ሲመጣ ጅረቱ ይገነፍላል። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ትነቱ ተቀንሶ የተጠራቀመው ዝናብ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያልፍ፣ ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ትርፍ ግማሽ ያህሉ ወደ ፍሰት ይገባል። ማለትም መሬቱ መጀመሪያ መጥገብ አለበት። አብዛኛው ጎርፍም የሚነሳው ከግርጌው ረግረግና አፈሩ ከሳሳበት ቦታ ነው እንጂ ከተዳፋቱ ሁሉ እኩል አይደለም። ይህ እርከን የት ይሠራ የሚለውን ጥያቄ ሳይቀር ይነካል። እንግዲህ እዩት፤ ያን ቁጥር በዝናብ ቆሞ የመዘገበው ሰው ለዚህ ጥያቄ ብሎ አልመዘገበም። ጥያቄው ሲመጣ ግን መልሱ ተቀምጦ ነበር።

ስለ ሰዓት አንድ ምክር ልጨምር፤ ብዙ ጉድ የሚፈላው እዚያ ነው። ጣቢያዎቻችን ላይ የዝናብ መለኪያው የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት የተጻፈው ዝናብ በአብዛኛው ሰኞ ከሰዓትና ሌሊት የጣለው ነው። የሳተላይቱ ቀን ደግሞ የሚቀየረው በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱን በቀን ብቻ አዛምዳችሁ «ሳተላይቱ አገራችን ላይ አይሠራም» ብላችሁ እንዳትጽፉ። በዚያ ላይ ደብተሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ዳታ ሎገሩ፣ ማለትም በራሱ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ በፈረንጅ። የጠዋቱ 12 ሰዓትና የቀኑ እኩሌታ ኤክሴል ላይ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ጳጉሜ ደግሞ አንዳንድ ፋይል ውስጥ ጭራሽ የለችም።

ጣና አካባቢ ሰዓት ከዚህም በላይ ነው። ተራራዎቹ ላይ ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ይጥላል። ሐይቁ ላይና ዳርቻው ግን ሌሊት ይበዛል። ቀን ተራራው፣ ማታ ሐይቁ አየሩን ወደ ራሱ ይስባልና። ሐይቁ የራሱን ዝናብ በከፊል ራሱ ያዘጋጃል ማለት ነው። አየር ማረፊያው ጣቢያ ላይ የተለካውን ዝናብ ወስዳችሁ ሐይቁ ሁሉ ላይ ከዘረጋችሁት፣ ያቺ ልዩነት እንደገና ትመጣላችኋለች።

ሳተላይት አልጠላም። በ2015 እ.ኤ.አ. የተላከው ስማፕ የአፈር እርጥበትን ከሰማይ ይለካል። የሚያየው ግን የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የማሽላ ሥር እዚያ አይቆምም። ራዳሩም በተላከበት ዓመት ተበላሽቶ ቀርቷል። የምድርን የስበት ለውጥ ለክተው የውሃ ክምችት መጨመርና መቀነሱን የሚያሳዩት የግሬስ መንትያ ሳተላይቶችና ተተኪዎቻቸው ድንቅ ናቸው። ነገር ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ስፋትን ነው የሚያዩት። ጣናን ለብቻው አይለዩትም። ሁሉም በልኩ ይጠቅማል።

ደብተሩን አንብቡ። ኮምፒውተር ላይ የተጫነውን ሳይሆን በእጅ የተጻፈውን። ቁጥሮቹ ሁሉ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ከሆነ ጠርጥሩ። ባዶ ቦታና ዜሮ አንድ አይደሉም፤ «አልዘነበም» እና «አልተነበበም» ለየቅል ናቸው። ከተቻለ አንባቢውን አግኙት። ብዙ ጊዜ በትንሽ ክፍያ የሚሠራ የአካባቢው ሰው ነው። ጋሼም ሆኑ እትዬ፣ ተቀመጡና ጠይቋቸው። የውሃው ከፍታ የሚነበብበት ዘንግ መቼ እንደዘመመ፣ ዛፉ መለኪያውን መቼ እንደጋረደው እሳቸው ያውቃሉ። የትኛውም ፋይል ውስጥ አታገኙትም። ስማቸው የጽሑፋችሁ ምስጋና ውስጥ ቢገባ ደግሞ ደግ ነው።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፣ እኔ በእናንተ ዕድሜ ብሆን ወደ ጣና ከሚገቡት መለኪያ ከሌላቸው ትንንሽ ወንዞች አንዱን እመርጥ ነበር። ዘንግ፣ ሁለት ሦስት የዝናብ መለኪያ፣ የፍጥነት መለኪያ፣ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ የሚያነብ የሠፈር ልጅ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ውጤቱን ስትጽፉ ከቁጥሩ ጎን ስህተቱን አስቀምጡ፤ ያልዘጋውንም ሒሳብ እንዳለ። ዘንጉን ግን ግንቦት ሳያልቅ ትከሉት። ሐምሌ ላይ ወንዙ አያስጠጋችሁም።