ከቀዶ ሕክምና በፊት ያየቻት ነርስ ብቻ መሆኗ ችግር አለው?

ሰላም እህቴ። «እናቴ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዛ ያየቻት ነርስ ብቻ ናት፤ ሐኪም ሳያያት እንዴት ይሆናል?» ላልሽው፣ አይዞሽ፣ የተለመደ አሠራር ነው። ለዚህ ሥራ የሠለጠነች ነርስ የምታደርገው ምርመራ ለይስሙላ አይደለም።

የደም ግፊት፣ የልብ ምትና ክብደት መለካቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ዋናው ጥያቄዎቹ ናቸው። ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስዳ ምን ሆነች? ከቤተሰብ ውስጥ ማደንዘዣ ክፉኛ ያስቸገረው ሰው አለ? አንዳንዱ ችግር በዘር ስለሚተላለፍ ነው። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳታርፍ ትወጣለች? ይቺ ተራ የምትመስል ጥያቄ ልብና ሳንባዋ ምን ያህል ጫና እንደሚችሉ ትጠቁማለች። ስትተኛ በኃይል ታንኮራፋለች? የሚነቃነቅ ጥርስ አላት? ሁሉም ምክንያት አለው።

መድኃኒት ላይ በደንብ ተጠንቀቁ። የምትወስደውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳትደብቁ ንገሯት። እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ መቼ እንደሚቆም ወይም እንደሚቀየር ይነገራችኋል። በራሳችሁ ግን አንዱንም እንዳታቋርጡ! ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሳይበሉ ሳይጠጡ መቆየቱም እንደዚያው ነው። ብዙውን ጊዜ ምግብ 6 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ለእናትሽ የተባለውን ግን ያዙ።

ነርሷ አሳሳቢ ነገር ካየች ለማደንዘዣ ሐኪሙ ታስተላልፋለች። በዕለቱም ማደንዘዣ የሚሰጣት ባለሙያ ራሱ ያያታል። ስለ ቀዶ ሕክምናው ጉዳትና አማራጭ ከመፈረሟ በፊት ቀዶ ሐኪሙን ጠይቁት። እስከዚያው ትኩሳት ወይም ሳል ከጀመራት ቀኑን ሳትጠብቁ ደውላችሁ አሳውቁ።